ክብደት ያንሱ

“ልጁን ለእማዬ እንዳትሰጪያት፤ እሷ ራሷ ተሸካሚ ነው የሚያስፈልጋት።”

ይህን ያለችው ልጄ ናት። ባዕድ ቢሆን ኖሮ መልሱ አይጠፋኝም ነበር፤ አጥንቴ እንጂ ምላሴ አልሳሳም፣ ተመስገን። ግን አምጬ የወለድኳት ልጄ ናት፤ የዚህ ቤት ግድግዳ ደግሞ ከወረቀት አይሻልም። ኩሽና ቆሜ ወተት ሳፈላ እያንዳንዷ ቃል ጥርት ብላ መጣችልኝ። የምትነግረው ለባሏ እህት ነው። ይቺ የባሏ እህት ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ልጄ በኦፕሬሽን ከተገላገለች ወዲህ ፈቃድ ወስዳ እኛ ጋ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዲያውም ደግና ቀልጣፋ ናት። ቢሆንም ሕፃኑን ብድግ አድርጋ ስታቅፈው ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። እኔ አያቱ እስከ ዛሬ ልጁን የያዝኩት ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ ግራና ቀኝ በትራስ ታጥሬ፣ ሌላ ሰው አምጥቶ ጭኔ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ብቻ ነው። የምፈልገው ደግሞ ብዙ አይደለም፤ ከአልጋው ላይ ራሴ አንስቼ፣ በሁለት እግሬ ቆሜ ልይዘው ነው የምፈልገው። ቤት ንብረት አልጠየቅሁም! “እሺ፣ እኔ አለሁ አይደል፣ አታስቢ” አለቻት ባለ ፋርማሲዋ። ወተቱ ገነፈለ። ምድጃውን አጥፍቼ፣ የፈሰሰውን ጠርጌ፣ የተረፈውን ቆሜ ጠጣሁትና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። በሩን ስዘጋ ልጄ ከውስጥ “እማዬ፣ ደረጃው ላይ ቀስ በዪ!” አለችኝ።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ውድቀት ነው። አምና የሥራ ቦታዬ ወለል ላይ ውኃ አንሸራተተኝና በእጄ ተመርኩዤ ወደቅኩ። ሰው ሁሉ ይወድቃል፤ የእኔ የእጅ አንጓ ግን ቀጭ አለ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና “አጥንትዎ ሳስቷል” አለኝ። ሰው ለልጁ ይሳሳል እንጂ አጥንት ለማን ይሳሳል? ከዚያ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረችው “ክብደት ያንሱ” የምትለዋ ናት። እኔ ደግሞ ማንሳት የማውቀው ሳህን ከገበታ ሲነሳ፣ ዕቃ ከመንገድ ሲነሳ ነው። ስለዚህ ሰውዬው ክብደትሽን ከላይሽ ላይ አንሺ ያለኝ መሰለኝ። ድሮም ወፍራም አልነበርኩም፤ ግን ሐኪም ያዘዘው ነው ብዬ እራት ተውኩ፣ ወተት ተውኩ፣ እንቁላል ተውኩ። ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ጉንጬ ጎደጎደ፣ ጎረቤት “ምነው፣ በደህናሽ ነው?” ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ እየዳንኩ መስሎኝ ደስ ይለኛል! ለቁጥጥር ስመለስ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣኝና ደነገጠ። “ምን ሆነው ነው?” ሲለኝ “ያሉኝን ነዋ! ክብደቴን አነሳሁ!” አልኩት። ሰውዬው ሳቁን አፍኖ አፍኖ ሲያቅተው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ለካስ ብረት ያንሱ ማለቱ ኖሯል። ጡንቻ ሲጎትተው አጥንት ይጠነክራል፣ ሥራ የፈታ አጥንት ግን ይብስ ይሳሳል ብሎ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። የተውኩትን ወተትና እንቁላል መለሰልኝ። ብረቱን ግን ለብቻዬ እንዳልነካ አስጠንቅቆ አንዲት አሠልጣኝ ጋ ላከኝ። ልጄ ይህን አታውቅም፤ ከሥራ በኋላ የምሄደው ለእጄ መታሻ ይመስላታል። ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ። ከተሰበርኩ ጀምሮ አፏ ላይ ያለው ቃል አንድ ነው፤ “እረፊ”። ባልዲ ስነካ እረፊ፣ መጋረጃ ስሰቅል እረፊ፣ አርፈሽ ተቀመጪ። አንድ ቀን “ልጄ፣ ያረፉትማ መቃብር ናቸው፤ እኔ ገና ነኝ” ብላት “ምን ያሟርትሻል!” ብላ ተቆጣችኝ።

ሥራዬ ተኳሽነት ነው። አትደንግጡ፣ የምተኩሰው ሸሚዝ ነው። ላውንደሪ ቤታችን ጠባብ ናት፤ ከፊት ደንበኛ የሚቀበሉበት ባንኮኒ፣ ከኋላ ሁለት ማጠቢያ ማሽኖች፣ መሃል ላይ የእኔ ጠረጴዛና ካውያ፣ ከራሳችን በላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ልብሶች በፕላስቲክ ተሸፍነው ይወዛወዛሉ። እንፋሎቱ ሲበዛ መስታወቱ ያልበዋል። ጠዋት የሆቴል አንሶላ፣ ከቀትር በኋላ የቢሮ ሸሚዝ፤ ሙሉ ቀን በቆመ እግር ነው። እንዲህ የቆመች ሴት ናት እንግዲህ ተሸካሚ የሚያስፈልጋት! ከእኔ ጋ የምትሠራው አጣቢ ወሬ ካላወራች ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ናት። “እንቁላል ደግሞ ጨምሯል አሉ” አለችኝ። መተኮሴን ቀጠልኩ። “አንቺ ለአጥንቴ ብለሽ ስትጨርሻቸው ነዋ፤ ዶሮዎቹ በአንቺ ምክንያት ነው የኮሩት” አለች። ሌላ ቀን ቢሆን እስቃለሁ። ዛሬ አልሳቅሁም። ትንሽ አየችኝና “ዛሬ ሸሚዝ ሳይሆን ሰው ነው የምትተኩሺው፤ ቀስ በዪ፣ ኮሌታው ሊቃጠል ነው” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ካውያውን አነሳሁት። እርጥብ መጋረጃ የሞላ ቅርጫት ከማሽኑ ስር ሲወጣ የላውንደሪው ባለቤት ከባንኮኒው ጀርባ “እማማ፣ ይተዉት፣ ሌላ ሰው ያነሳዋል” ብሎ ጮኸ። እሱም! ጠጋ ብዬ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ወገቤን ቀጥ አድርጌ፣ ቅርጫቱን ሆዴ ላይ ለጥፌ ተነሳሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አጣቢዋ “ኧረ ጉድ!” አለች። ባለቤቱ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አየኝ አላየኝ እንጃለት፤ እኔ ግን ራሴን አየሁ።

የብረት ቤቱ አንድ ሕንፃ ስር ነው፤ ድሮ መኪና ማቆሚያ ነበር ይላሉ። የጎማ ምንጣፍና የላብ ሽታ ይቀበላችኋል፤ አንዱ መስታወት ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ጎረምሶቹ ሙዚቃውን ለቀውት ብረት ሲያንኳኩ ግድግዳው ይርገበገባል። እኔ ስገባ አንዱ “ማዘር መጣች፣ ቀንሱት!” ይላል፤ ይቀንሱታል። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ የጠፋኝ መስሏቸው ነበር። አሠልጣኟ አጭር፣ ደልዳላ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ገና የመጣ ሰው ሁሉ ትልቁን ብረት ካላነሳሁ ሲላት “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ስለምትል ጎረምሶቹ ስሟን “እንቁላል” ብለውታል። እሷም ተቀብላዋለች። እኔንም ያስጀመረችኝ በመጥረጊያ እንጨት ነው። በመጥረጊያ! ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ከዚያ ግድግዳ መግፋት፣ ከዚያ እንደ ውኃ ጠርሙስ የሚቀሉ ትንንሽ ብረቶች። ከመጀመራችን በፊት ገላዬ እስኪሟሟቅ ታንጎራድደኛለች። ትንፋሼን ከያዝኩ ትቆጣለች። “ጡንቻ ሲግል ደህና ነው፤ መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ከወጋዎት ግን ወዲያው ያቁሙ፤ ጀግንነት የሚባል ነገር እዚህ የለም” ትለኛለች። እኔም በመጥረጊያ እንጨት የጀመርኩት ሴትዮ አሁን እጀታ ያለውን ትንሹን ክብ ብረት ከወለል አነሳለሁ። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ኮርቻለሁ፤ ምን ይደበቃል!

ዛሬ ግን በትንሹ ልረካ አልቻልኩም። “ጨምሪልኝ” አልኳት።

“ማን አናደደዎት?”

“ማንም።”

“እንግዲያው አልጨምርም። ብረቱ ንዴትዎን አያውቅልዎትም፤ ወገብዎ ነው ዕዳውን የሚከፍለው።”

ይህን ብላ አንዱን ጎረምሳ ለማረም ዞር አለች። እልኸኛ ነኝ፣ አልክድም። ከመደርደሪያው ሥር ያለውን ትልቁን ብረት አየሁት፤ የልጄ ቃል እንደገና ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ተሸካሚ ነው የሚያስፈልጋት። ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴን ማጠፍ ረሳሁ፣ ጀርባዬን እንደ ቅል አጎበጥኩ፣ እጀታውን በሁለት እጄ ጨብጬ ልጎትተው ስል “አስቀምጪ!” የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። አሠልጣኟ ናት። ከተዋወቅን ጀምሮ አንቱ ከማለት ዝንፍ ብላ የማታውቅ ሴት በድንጋጤ አንቺ አለችኝ። ብረቱ ከወለሉ አልለቀቀም ነበር፤ እጄን ከፈትኩ። ሙዚቃው ቆመ። ጎረምሶቹ ሁሉ ያዩኛል። ሮጣ መጥታ ትከሻዬን ይዛ አቃናችኝና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። “ይቅርታ፣ አንቺ አልኩዎት” አለች። “ደግ አደረግሽ፤ ባትጮኺ ይሄኔ እንደ ክብሪት ተሰብሬ ነበር” አልኳት። ከዚያ ሳላስበው የጠዋቱን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ትራሱን፣ ባለ ፋርማሲዋን፣ ቆሜ መያዝ የምፈልገውን ልጅ። እንባዬ መጣ፤ መሐረብ አልነበረኝም፣ በእጅጌዬ ጠረግሁት። አሠልጣኟ አላባበለችኝም። ሰምታኝ ስታበቃ ተነሳች።

“ታዲያ እስከ ዛሬ ምን አስደበቀዎት? እርስዎ የሚያነሱት ብረት አይደለማ፣ ልጅ ነው። ልጅ እንለማመዳለን።”

ከጓዳ የአሸዋ ከረጢት አመጣች፤ ትንሽ፣ ክብደቱ የለመድኩትን ያህል፤ በፎጣ ጠቅልላ ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ አስተኛችው። “ይጠጉ። ልጅን ከሩቅ ተንጠራርቶ አያነሱም። እግር ሰፋ፤ ጉልበት፤ ወገብ ቀጥ። አንዱ እጅ ከአንገቱ ሥር፣ አንዱ ከመቀመጫው ሥር። ደረትዎ ላይ ካስጠጉት በኋላ ነው የሚነሱት፤ ሲነሱ ወለሉን በእግርዎ ይግፉት፤ ይተንፍሱ።” አነሳሁት። ቀላል ነው ብዬ ልኮራ ስል “ልጅ እንዲህ ጨዋ አይደለም” አለችና ከረጢቱን ከሥር ትነቀንቀው፣ ታወዛውዘው ጀመር። ጎረምሶቹ ሳቁ፤ አንዱ በቀጭን ድምፅ “እኝ! እኝ!” እያለ ያለቅስልኝ ጀመር። እኔም ሳቅሁ፤ ግን አልለቀቅሁትም። ወደ ግራ ስታዞረው በወገቤ ሳልጠመዘዝ በእግሬ ዞርኩ። ስታበቃ ቀስ ብዬ መልሼ አስተኛሁት። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። ቦርሳዬን ሳነሳ “ነገ የለም፤ ነገ እረፍት ነው” አለችኝ። “አንቺም እረፊ አልሽኝ!” ብዬ ተቆጣሁ። “አጥንት የሚሠራው ተኝቶ ለመቅረት የሚያርፍ ሰው አይደለም፤ ከነገ ወዲያ ለመነሳት የሚያርፍ ሰው ነው” አለችኝ። ይህን እያላመጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። ቃሉ ያው ነው፤ ለካ ልዩነቱ የሚናገረው ሰው የሚጠብቅብን ነገር ነው። ልጄ እንድቀመጥ ነው የምትፈልገው፤ ይቺ እንድመለስ።

በሩን ስከፍት ሕፃኑ ያለቅሳል። ሳሎኑ ባዶ ነው። የባሏ እህት ጫማ በር ላይ የለም።

“መጣሽ? ቶሎ በይ፣ እዚህ ነኝ!” የልጄ ድምፅ ነው፤ ከመታጠቢያ ቤት።

“እኔ ነኝ” አልኳት።

“እማዬ፣ አትግቢ፤ ወለሉ ውኃ ነው። እሷ ዳይፐር ልትገዛ ወርዳለች፤ እጠብቃታለሁ።”

ገባሁ። ልጄ ዝቅ ባለችው የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ እግሯን ልታጥብ ተቀምጣ መነሳት አቅቷታል። ስፌቱ ሳይደርቅ እንዲያ ዝቅ ማለቷ! ከንፈሯ በብርድ ነጥቷል፤ አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው፤ ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር አንገቷ ወደ በሩ ይመዘዛል። የምትይዘው ነገር ፈልጋ ፎጣ መስቀያውን ስባ ነቅላዋለች። ለመጮህ ሁሉ አፍራ ኖሯል። “ሂጂ፣ አንቺም ትወድቂያለሽ፤ ሁለታችንም እንሰበራለን” አለችኝ፤ አነጋገሯ እንደ ሁልጊዜው የቁጣ ነበር፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል። የጠዋቱን ልንገራት? አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥ አደረግሁት። መጀመሪያ ወለሉን ጠረግሁ። ከእግሯ ሥር ደረቅ ምንጣፍ ዘረጋሁ። በር ላይ ቀይሬ የገባሁትን ነጠላ ጫማ አውልቄ ላስቲክ ሶል ያለውን የሥራ ጫማዬን መልሼ አጠለቅሁ። ልጄ ታየኛለች፤ ምን እንደምሠራ አልገባትም።

“አሁን ስሚኝ፣ አንቺ ልጅ። በአንድ እጅሽ ቁስልሽን ደግፊ። በሌላው ትከሻዬን፤ አንገቴን አይደለም፣ ትከሻዬን። እግርሽን ወደ ራስሽ ሰብሰብ አድርጊ። ጎትቼ አላነሳሽም፤ አብረን ነው የምንነሳው። ትንፋሽሽን አትያዢ።”

“እማዬ…”

“ተንፍሺ አልኩሽ!”

ተጠጋኋት። ጉልበቴን አጥፌ ወረድኩ፤ ክንዴን በጀርባዋ አዙሬ ከብብቷ ሥር ያዝኳት፤ ወገቤ ቀጥ ብሏል፤ አረጋገጥኩ። “በይ” አልኳትና ወለሉን ገፋሁት። ለአፍታ ያህል ሙሉ ሰውነቷ እኔ ላይ አረፈ፤ ጭኔ ጋለ፣ ግን ምንም የወጋኝ ነገር የለም። ተነሳን። የወለድኳት ልጅ ትልቅ ሴት ሆና፣ እናት ሆና፣ ከተቀመጠችበት አነሳኋት! ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለች። እጇ ክንዴ ላይ ነበር፤ ጫን አለችው፣ እንደገና ጫን አለችው።

“ይሄ ምንድነው?”

“ክንዴ ነዋ።”

“እንዲህ አልነበረም።”

“ብረት አነሳለሁ። ለእጄ መታሻ የምልሽ ውሸቴን ነው።”

ቀና ብላ አየችኝ። ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ሆዷን ያዘች፤ “አታስቂኝ፣ ስፌቱ!” ከዚያ ሳቁ ቆመ። መታጠቢያው ላይ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ሕፃኑ እዚያ ማዶ ይጮሃል። “ጠዋት ሰምተሽኛል አይደል?” አለችኝ። “ሰምቼሻለሁ” አልኳት። እጇን ያዝኩና እግር በእግር ወደ መኝታ ቤት ወሰድኳት።

ልክ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ የውጭው በር ተከፈተ። ባለ ፋርማሲዋ ፌስታሏን ሶፋው ላይ ወርውራ “ወይኔ፣ መጣሁልህ የኔ ጌታ!” እያለች በአጠገባችን አልፋ ወደ ሕፃኑ አልጋ ገሰገሰች። እጇ ሊነካው ሲል ልጄ “ተዪው” አለቻት።

“ምን?”

“ተዪው። እናቴ ታንሳው።”

ባለ ፋርማሲዋ ልጄን አየች፣ እኔን አየች፤ ገለል አለች። ወደ አልጋው ተጠጋሁ። ፊቱ ቀልቷል፣ በሁለት እግሩ ይራገጣል፤ እውነትም ጨዋ አይደለም። አንዱን እጄን ከአንገቱ ሥር፣ አንዱን ከመቀመጫው ሥር አድርጌ ደረቴ ላይ አስጠጋሁትና ቀስ ብዬ ቀና አልኩ። አልከበደኝም ብላችሁ እዋሻለሁ፤ ከበደኝ እንጂ! ሞቅ ያለ፣ ሙሉ፣ የሚከብድ ልጅ ነው፤ የእኔ የልጅ ልጅ። ልቤ በኩራት እስኪፈነዳ ቆሜ ያዝኩት። ልጄ በሩን ተደግፋ ታየናለች። ልትደግፈኝ እጇን አልዘረጋችም።